የብረታ ብረትን መንገድ ከድንጋይ ላይ ማንበብ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚራመድ ሰው የተዘጋጀ መመሪያ

ወርቅም ሆነ መዳብ፣ ዚንክም ሆነ እርሳስ ጨርሶ የሌለበት ድንጋይ የለም ማለት ይቻላል። ከሱሉልታ ካባ የወጣ ተራ ጥቁር ድንጋይ ተፈጭቶ በጥሩ ላቦራቶሪ ቢመረመር፣ መጠናቸው እጅግ ያነሰ ይሁን እንጂ ሁሉም ይገኙበታል። ስለዚህ የማዕድንን ነገር ማወቅ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ማዕድኑ የት አለ?» ብሎ ሳይሆን «በየድንጋዩ የተበተነውን ምን አንቀሳቀሰው? ምንስ አንድ ቦታ ላይ አስቆመው?» ብሎ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው በእንጦጦ፣ በቡራዩ፣ በሰበታ፣ በለገጣፎና በአቃቂ ዙሪያ ለሚኖር ወይም ለሚመላለስ፣ ጂኦሎጂ ላልተማረ ነገር ግን ድንጋይን በትዕግሥት ለመመልከት ለተዘጋጀ አንባቢ ነው። በእነዚህ ቦታዎች ወርቅ አገኛለሁ ብሎ መነሳት አይገባም፤ ብረታ ብረት በምድር ቅርፊት ውስጥ የሚጓዝባቸውን ስልቶች ግን ብዙዎቹን ደርሶ መልስ በአንድ ቀን በሚያልቅ መንገድ ላይ በዓይን ማየት ይቻላል።

ከመነሳትዎ በፊት ጥቂት አኃዞችን በአእምሮዎ ይያዙ። ብረት ከምድር ቅርፊት ክብደት 5 በመቶ ያህሉን ስለሚይዝ፣ 50 ወይም 60 በመቶ ብረት ያለው ክምችት እንዲፈጠር ተፈጥሮ ብረቱን አሥር እጥፍ ያህል ብትሰበስበው ይበቃል። መዳብ በአንድ ቶን ዓለት ውስጥ በአማካይ ከ30 እስከ 60 ግራም ብቻ ሲሆን፣ በትልልቅ ማውጫዎች ሥራ የሚጀመረው በቶን 5 ኪሎ ግራም አካባቢ ሲገኝ ነው፤ ይህ ደግሞ ወደ 100 እጥፍ መሰብሰብን ይጠይቃል። ወርቅ ከሁሉም ይብሳል፤ በአንድ ቶን ተራ ዓለት ውስጥ ያለው ከ1 እስከ 4 ሚሊግራም ሲሆን፣ ለማውጣት የሚያበቃው መጠን ግን አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 1 ግራም አካባቢ ነው። አንድ ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ዓለት 2.7 ቢሊዮን ቶን ገደማ ይመዝናል፤ በቶን 2 ሚሊግራም ወርቅ አለው ብንል በውስጡ ያለው ወርቅ ተጠራቅሞ 5.4 ቶን ይሆናል። ስለሆነም በአሥር ቶኖች የሚቆጠር ወርቅ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ሲገኝ፣ ከብዙ ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ዓለት ውስጥ ተለቅሞ የመጣ ወይም በዚያው ልክ ብዛት ባለው ፈሳሽ ተጭኖ የደረሰ መሆኑን መረዳት ያስፈልጋል።

ይህን የሚያክል ሥራ እንዲሠራ ብረታ ብረቱ የሚነሳበት ምንጭ፣ የሚሸከመው ፈሳሽ፣ ፈሳሹ የሚያልፍበት መንገድ፣ የሚገፋው ኃይልና በመጨረሻም ሸክሙን የሚያራግፍበት ማረፊያ በአንድ ዘመንና በአንድ ቦታ መገናኘት አለባቸው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ክምችት አይፈጠርም። በእኔ እምነት ጀማሪዎችን ከሁሉ በላይ የሚያሳስታቸው የሚያብለጨልጨውን ነገር መፈለግ ነው፤ የሚያብለጨልጭ ነገር በአብዛኛው ሚካ የተባለው በስስ ቅጠል በቅጠል የሚላጥ ማዕድን ወይም ፌልድስፓር የተባለው በብዙ ዓለት ውስጥ ያለ ነጣ ያለ ማዕድን ገጽ ሆኖ ይገኛል። መንገዱን የፈለገ ሰው ግን ባዶ እጁን አይመለስም።

የሚያዙ ነገሮችና ጥንቃቄ

አሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ማጉያ መነጽር፣ መዶሻ፣ የብረት ምስማር፣ ማግኔት፣ ኮምፓስ፣ ሁለት ሎሚ፣ የፕላስቲክ ከረጢቶች፣ የማይለቅ እስክርቢቶና ደብተር ይበቃሉ። ድንጋይ ሲመቱ የዓይን መከላከያ መነጽር ማድረግ ግዴታ ነው፤ በተለይ ባልጩትና ራዮላይት የተባለው ፈዛዛ የእሳተ ገሞራ ዓለት ሲሰነጠቁ የሚፈናጠሩት ስባሪዎች እንደ ምላጭ ይቆርጣሉ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። በክረምት የካባ ግድግዳ ውሃ ስለሚጠጣ በድንገት ሊናድ ይችላል፤ ሥራ ያቆሙ የካባ ጉድጓዶችም ውሃ ይሞላሉ፤ ጥልቀታቸው ከላይ ሲታይ ስለማይታወቅና ዳርቻቸው ገደል ስለሆነ ሕፃናትን ይዞ ወደዚያ መጠጋት ፈጽሞ አይገባም። ሥራ ላይ ወዳለ ካባ ከመግባትዎ በፊት ኃላፊውን አግኝተው ያስፈቅዱ፤ ድማሚት የሚተኮስበትን ሰዓትም ይጠይቁ። ድንጋይ ፈላጮቹን በአክብሮት ቢያነጋግሩ ከማንም የበለጠ ይረዱዎታል፤ ድንጋዩ በየት በኩል በቀላሉ እንደሚፈለጥ፣ የትኛው ግድግዳ «የበሰበሰ» እንደሆነና ውሃ በየትኛው ስንጥቅ እንደሚወጣ በየቀኑ ስለሚያዩ ያውቁታል።

ድንጋዩን ማወቅ

አዲስ አበባ የቆመችው በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው። ከከተማዋ በስተሰሜን ያለው የእንጦጦ ሸንተረር በዋነኛነት ትራካይት፣ ራዮላይትና ኢግኒምብራይት ከሚባሉ ፈዛዛ ቀለም ካላቸው የእሳተ ገሞራ ዓለቶች የተሠራ ሲሆን፣ ዕድሜውም 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይገመታል። በሜዳውና በወንዞቹ ዳር የሚታየው ጥቁሩ ባዛልት አብዛኛው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ዕድሜ አለው። ወጨጫ፣ ፉሪና የረርም ኋላ የተነሱ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ በታች ደግሞ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ደጋውን ያለበሰው ወፍራም የባዛልት ንጣፍ፣ ከሥሩም በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል በዓባይ ሸለቆ ተገልጦ የሚታየው የኖራ ድንጋይ፣ ጂፕሰምና የአሸዋ ድንጋይ ተነባብሯል።

አንድ የባዛልትና አንድ የትራካይት ቁራጭ ጎን ለጎን አድርገው በማጉያ መነጽር ይመልከቱ። ባዛልቱ ጥቁርና ከባድ ሲሆን አንዳንዱ አረንጓዴ የኦሊቪን ቅንጣት ይታይበታል፤ ማግኔት በክር አንጠልጥለው ቢያስጠጉትም በትንሹ ይሳባል። ትራካይቱ ግን ግራጫ ሆኖ ነጫጭ የፌልድስፓር ብልጭታዎች ይታዩበታል። ይህ ልዩነት ብረታ ብረት የሚለያይበት የመጀመሪያው ስልት ነው። ቅልጥ ዓለት ከምድር በታች ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ አይጠጥርም፤ ኦሊቪን፣ ክሮሚየም ያለበት ክሮማይትና ማግኔት የሚስበው የብረት ማዕድን ማግኔታይት ቀድመው ጠጥረው ይሰጥማሉ፤ ኒኬልንና ክሮሚየምን የመሳሰሉትንም ይዘዋቸው ይወርዳሉ። በሚጠጥሩት ማዕድናት ውስጥ ቦታ የማያገኙት እንደ ታንታለም፣ ሊቲየምና ቆርቆሮ ያሉት ደግሞ እስከ መጨረሻው በሚቀረው ቅልጥ ውስጥ እየበዙ ይሄዳሉ። በወለጋ የዩብዶ ፕላቲነም ከመጀመሪያው ወገን በሆኑ ጥቋቁር ዓለቶች ውስጥ ይገኛል፤ በጉጂ የቀንጢቻ ታንታለም ደግሞ ፔግማታይት በሚባል፣ ከመጨረሻው ቅልጥ በጠጠረና ክሪስታሎቹ እጅግ በሚተልቁ ዓለት ውስጥ ይገኛል። በእጅዎ የያዟቸው ሁለት ቁራጮች የዚያው መለያየት ውጤቶች ናቸው፤ የጎደላቸው ነገር ማከማቻ የሚሆን ጥልቀትና ጊዜ ነው።

ጊዜ ሲያጥር ምን እንደሚሆን ማየት የፈለገ ሰው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ወደ መልካ ቁንጥሬ አካባቢ ቢሄድ ጥንታውያን ሰዎች መሣሪያ የሠሩበትን ባልጩት ያገኛል። ባልጩት ክሪስታል ለመሥራት ፋታ ሳያገኝ የጠጠረ ቅልጥ ነው፤ በውስጡ የነበረው ብረታ ብረት ሳይለያይ በመስታወቱ ውስጥ እንደታሰረ ቀርቷል። በጥንታዊው ስፍራ አንዲት ስባሪ እንኳ ማንሳት ግን ክልክል ነው።

መንገዱን መፈለግ

አሁን ወደ ካባው ግድግዳ ወይም አዲስ መንገድ ወደ ቆረጠው ገደል ይቅረቡ፤ በቅድሚያ ግን ሃያ እርምጃ ያህል ርቀው ቆመው በጥሞና ይመልከቱ። ዓለቱ ሲቀዘቅዝ የተፈጠሩ ስንጥቆች አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብለው የቆሙና ባለብዙ ማዕዘን ናቸው። ምድር ስትሳብና ስትንቀሳቀስ የተፈጠሩት ግን ብዙውን ግድግዳ አቋርጠው በአንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ፤ አንዳንድ ጊዜም በሁለቱ ወገን ያለው ንጣፍ ተንሸራቶ ከፍና ዝቅ ብሎ ይታያል። በተንሸራተተው ገጽ ላይ ጣትዎን ቢያሳርፉ ለስላሳ ሆኖ በአንድ አቅጣጫ የተሰመሩ ጭረቶች ይሰማዎታል፤ ዓለቱ በዓለት ላይ የተፋተገበት ምልክት ነው። ለብረታ ብረት ጉዞ ዋናው አውራ ጎዳና ይህ ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ ምክንያቱም ርቆ ወደ ታች ይወርዳል፤ የመሬት መንቀጥቀጥ በተነሳ ቁጥርም የተደፈነው እንደገና ይከፈታል።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ሁለት ዓይነት አቅጣጫ ተደጋግሞ ይታያል። አንደኛው ስምጥ ሸለቆውን ተከትሎ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚሄድ ነው። ሁለተኛው የእንጦጦን ሸንተረር ተከትሎ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሲሆን፣ ከየረር ተነስቶ በአምቦ በኩል እስከ ወለጋ በሚዘረጋው የስንጥቅና የእሳተ ገሞራ መስመር ላይ ይታያል። የአምቦ ጋዝ ያለው ውሃ የሚፈልቀው በዚህ መስመር ላይ ነው። በከተማዋ መሀል ያለው ፍልውሃም እንዲሁ ስንጥቅን ተከትሎ ወደ ላይ የሚወጣ ውሃ ነው፤ ዝናብ በደጋው ላይ ይወርዳል፤ በስንጥቅ ጠልቆ ይገባል፤ ጥልቀት ላይ ይሞቃል፤ ቀለል ብሎም በሌላ ስንጥቅ ይመለሳል። ከተማዋ ራሷ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በዚህ ፍልውሃ አጠገብ ቤት ባሠሩ ጊዜ፣ በ1879 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ መንገድ፣ ገፊ ኃይልና ፈሳሽ ሦስቱም ዛሬም በሥራ ላይ እንዳሉ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ከግድግዳው ተጠግተው ስንጥቆቹን አንድ በአንድ ይመርምሩ። ባዶ ናቸው ወይስ የተሞሉ? በባዛልቱ ውስጥ ጋዝ ትቷቸው የሄደ ክብ ክብ ቀዳዳዎችስ? ብዙዎቹ በነጭ ነገር ተሞልተው ያገኟቸዋል፤ ይህ ነጭ ነገር ዓለቱ ከጠጠረ በኋላ ውሃ ይዞ የመጣው ነው። ምንነቱን ለመለየት በምስማር ይጫሩት። በቀላሉ ተጭሮ ዱቄት ካወጣና ዱቄቱ ላይ ሎሚ ሲጨመቅበት በማጉያ መነጽር የሚታዩ ትናንሽ አረፋዎች ካወጣ ካልሳይት፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ የተሠራበት ማዕድን ነው። ተጭሮ አረፋ ካላወጣ፣ በተለይም ቀጫጭን መርፌዎች በአንድ ነጥብ ዙሪያ ተሰብስበው ከታዩ፣ ዚዮላይት የተባለው ውሃ በውስጡ የያዘ ማዕድን ሊሆን ይችላል። ምስማሩን ራሱን የሚጭረው ደግሞ ኳርትዝ ወይም ካልሰዶኒ፣ ማለትም ሲሊካ ነው። በሰሜን ሸዋ መዘዞና በወሎ ወገል ጤና የሚወጣው ኦፓል የዚህ የመጨረሻው ዘመድ ነው፤ ከእሳተ ገሞራ ዓለት የሟሟ ሲሊካ በውሃ ተጉዞ በክፍተት ውስጥ የረጋ ነው። ሲሊካን የተሸከመ ውሃ ሁሉ ወርቅ ተሸክሟል ማለት ባይሆንም፣ ሲሊካ የረጋበት ስንጥቅ ውሃ በብዛት ያለፈበት መንገድ መሆኑን በእርግጠኝነት ይናገራል።

ውሃው ብረታ ብረቱን እንዴት ይሸከማል?

ንጹሕ ውሃ፣ ቢሞቅም እንኳ፣ ብረታ ብረትን በቂ በሆነ መጠን አያሟሟም። ሸክሙን የሚያስችለው በውሃው ውስጥ ያለው ሌላ ነገር ነው። ጨው የበዛበት ሙቅ ውሃ መዳብን፣ ዚንክንና እርሳስን በጨው ውስጥ ካለው ክሎራይድ ጋር አጣምሮ ይይዛል። ወርቅ ደግሞ ከ200 እስከ 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ የሚጓዘው ከሰልፈር ጋር ተጣምሮ ነው። ለዚህ ነው የወርቅና የመዳብ ክምችቶች ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የማይገኙት፤ ተሸካሚያቸውም ሸክሙን የሚያራግፍበት ምክንያትም ይለያያል።

የጨው ነገር በእኛው አካባቢ ጥሩ ማስረጃ አለው። ስምጥ ሸለቆ እየሰፋ ባሕር ሲሆን ምን እንደሚፈጠር የሚያሳየው ቀይ ባሕር ነው፤ በወለሉ ላይ 2,000 ሜትር ገደማ በሚጠልቅ ጎድጓዳ ቦታ፣ ከጥንታዊ የጨው ንጣፍ ክሎራይድ የጠገበ ሙቅ ውሃ ተኝቶ ይገኛል፤ ከሥሩም በዚንክ፣ በመዳብና በብር የበለጸገ ጭቃ ረግቷል። ሙቀቱን በተመለከተ ደግሞ በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል ባለው በአሉቶ የተቆፈሩ የእንፋሎት ጉድጓዶች 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ከ300 ዲግሪ በላይ ሙቀት አግኝተዋል። ይህ ወርቅ ለማጓጓዝ የሚበቃ ሙቀት ነው።

የውሃው መጠን ምን ያህል መሆን እንዳለበት ማስላትም ይቻላል። አንድ ቶን ሙቅ ውሃ 20 ሚሊግራም ወርቅ ይሸከማል ብንልና የተሸከመውን ሁሉ አንድ ቦታ ቢያራግፍ፣ አንድ ቶን ወርቅ ለማድረስ 50 ሚሊዮን ቶን ውሃ በዚያች ቦታ ማለፍ አለበት። ውሃው በሰፊው ተበታትኖ ካለፈ የሚተወውም ወርቅ ይበታተናል። ጠባብ ስንጥቅ ይህን ያህል ዋጋ ያለው ሁሉንም በአንድ በር እንዲያልፍ ስለሚያስገድደው ነው።

ለምን ይቆማል?

በዚህ መመሪያ ውስጥ አንድ ክፍል ብቻ በልብ መያዝ ካለበት ይህኛው ነው። ብረታ ብረትን የሚያስጉዝ ነገር በብዙ ቦታ አለ፤ የሚያስቆመው ግን ጥቂት ቦታ ነው። የጉድጓድ ውሃ ለዓመታት ሲፈላበት የኖረ ማንቆርቆሪያ ውስጡን ቢመለከቱ ነጭ ቅርፊት ተጋግሮበት ያገኛሉ፤ ውሃው ሲፈላ ካልሳይቱን ሟሙቶ እንዲቆይ ያደረገው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያመልጥ፣ የሟሟው ነገር ተሸካሚ አጥቶ ይረጋል። ከምድር በታችም የሚሆነው ይኸው ነው። ሙቅ ውሃ በስንጥቅ ወደ ላይ ሲወጣ የሚጫነው ክብደት እየቀነሰ ይሄድና በአንድ ጥልቀት ላይ መፍላት ይጀምራል፤ ሰልፈር የያዘው ጋዝ ከእንፋሎቱ ጋር ያመልጣል፤ ሰልፈሩን ያጣው ወርቅም እዚያው ይቀራል።

ውሃ የሚፈላበት ሙቀት እንደ ግፊቱ ይለያያል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 100 ሜትር ውሃ ከተጫነበት ግን እስከ 180 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል፤ 1,000 ሜትር ሲጫንበት ደግሞ እስከ 310 ዲግሪ ገደማ ይቆያል። የመሬት መንቀጥቀጥ ስንጥቁን በቅጽበት ሲከፍተው ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይወርድና ውሃው በድንገት ይፈላል፤ ሲሊካውና ወርቁ በግድግዳው ላይ ይረጋሉ። ስንጥቁ ይደፈናል፤ ግፊቱ እንደገና ይጠራቀማል፤ ቀጣዩ መንቀጥቀጥ ይከፍተዋል። የኳርትዝ ጅማትን፣ ማለትም ስንጥቁን ሞልቶ የጠጠረውን ኳርትዝ፣ በአግድም ቆርጠው ሲመለከቱት ብዙ ጊዜ በተደጋጋሚ ሽፋኖች ተነባብሮ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌሎችም ማስቆሚያዎች አሉ፤ ሙቁ ውሃ ከቀዝቃዛው ጋር ይቀላቀላል፤ ወይም ቀስ ብሎ ይበርዳል፤ ወይም ከሚያልፍበት ዓለት ጋር ይዋሃዳል። ይህ የመጨረሻው በጥንቃቄ መታየት ያለበት ነው። ዓለቱ ብረት የበዛበት ከሆነ ብረቱ ሰልፈሩን ከውሃው ነጥቆ ፓይራይት የተባለውን ቢጫ ማዕድን ይሠራል፤ ወርቁም ተሸካሚውን አጥቶ ከፓይራይቱ ጋር ይቀመጣል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ርቆ በሻኪሶ የሚገኘው የለገደንቢ ወርቅ ከእኛ የእሳተ ገሞራ ዓለቶች እጅግ በሚበልጥ ዕድሜ ላይ ባለ፣ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ባስቆጠረ መሠረት ዓለት ውስጥ በኳርትዝ ጅማቶች የተቀመጠ ነው። ያ ዓለት በሸዋ ደጋ ሥርም አለ፤ ነገር ግን በባዛልቱና በደለል ዓለቱ ተሸፍኗል። በአዲስ አበባ ዳርቻ የወርቅ ጅማት ፍለጋ መውጣት የማያዋጣበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

በካባው ግድግዳ ላይ ውሃው ከዓለቱ ጋር የተዋሃደበትን ቦታ ለማወቅ ቀለምን ይከተሉ። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ዓለቱ ነጣ ብሎና ለስልሶ ከታየ፣ ትንሽ ቁራጭ ወስደው ምላስዎን ያስነኩት፤ ምላስ ላይ ጥብቅ ብሎ ከያዘ ፌልድስፓሩ ወደ ሸክላ ተለውጧል። አረንጓዴ ከሆነ ክሎራይት የተባለው አረንጓዴ ማዕድን ሊሆን ይችላል። የነጣው ክፍል ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚሰፋ ለክተው ይጻፉ፤ ስንጥቁ አንድ ጣት የማይሞላ ሆኖ የነጣው ዳር አንድ ክንድ ከሰፋ፣ በዚያ ያለፈው ውሃ ብዙ ወይም ሙቅ ነበር። በዚህ መስክ ላይ ካሉት ልኬቶች ሁሉ ይህን ያህል ብዙ የሚናገር አላውቅም።

በገጸ ምድር ላይ የሚቀጥለው ጉዞ

ብረታ ብረት መጓዝ የሚያቆመው ሙቀት ሲጠፋ አይደለም። ዝናብና አየር ሥራውን ይቀጥላሉ፤ በዳርቻው ከሁሉ በግልጽ የሚታየውም ይህ ነው። በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ያለው አፈር የቀላው፣ ሲሊካውን፣ ካልሲየሙንና ሶዲየሙን ውሃ እያጠበ ሲወስዳቸው ብረቱና አሉሚኒየሙ ስለቀሩ ነው። ሙቀትና ዝናብ በበዛበት አገር ይህ ሥራ ለረጅም ዘመን ሲቀጥል የአሉሚኒየም ማዕድን የሆነውን ቦክሳይት ይሠራል። በአቃቂ ሜዳ ያለው ጥቁሩ መረሬ ደግሞ ውሃ ተኝቶ ስለሚቆይበት በዚህ መንገድ አልታጠበም።

ከዝናብ ወራት በኋላ ከካባ ሥር ወይም ከመንገድ ቁርጥ ግርጌ ቀስ ብሎ የሚንጠባጠብ ውሃ ፈልገው ይንበርከኩ። ብዙ ጊዜ ብርቱካንማ አተላ በውሃው ዳር ተጋድሞ ያገኛሉ፤ ከላዩም ዘይት የፈሰሰበት የሚመስል ባለ ብዙ ቀለም ስስ ሽፋን ይታያል። ሽፋኑን በእንጨት ጫፍ ነካ ያድርጉት። ዘይት ከሆነ ይጠማዘዝና ተመልሶ ይገጥማል፤ የብረት ሽፋን ከሆነ ግን ማዕዘን ማዕዘን ሆኖ ይሰበራል፤ ስባሪዎቹም ተለያይተው ይንሳፈፋሉ። አየር በሌለበት ጥልቀት ብረት በውሃ ሟሙቶ ይጓዛል፤ ውሃው ብቅ ብሎ ኦክስጅን ባገኘባት ቅጽበት ብረቱ ዝገት ሆኖ ይረጋል፤ ባክቴሪያዎችም ሥራውን ያፋጥኑታል። ምንጭ፣ ተሸካሚ፣ መንገድ፣ ገፊ ኃይልና ማረፊያ፣ አምስቱም በአንድ ክንድ ስፋት ውስጥ በዓይንዎ ፊት ሲሠሩ ማለት ነው፤ ልጆችን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም።

በኢግኒምብራይትና በትራካይት የስንጥቅ ገጾች ላይ ጥቁር ሆኖ ቅርንጫፍ ያወጣ ሥዕል ቢያገኙ የተክል ቅሪት ነው ብለው አይቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ የማንጋኒዝ ኦክሳይድ ነው፤ ከዓለቱ ሟሙቶ በቀጭኑ ስንጥቅ ውስጥ የሰረገ ውሃ ያሳረፈው ነው። በማጉያ መነጽር ሲታይ የቅጠል ሥር የለውም፤ ሁልጊዜም ከስንጥቅ ጠርዝ ተነስቶ ወደ ውስጥ ያድጋል፤ ይህም ውሃው በየት በኩል እንደገባ ያመለክታል።

በወንዝ ዳር

የመጨረሻው ስልት በክብደት መለየት ነው። ወርቅ ከውሃ 19 እጥፍ በላይ ይከብዳል፤ ማግኔታይት 5 እጥፍ ገደማ፣ ኳርትዝ ግን 2.65 እጥፍ ብቻ። በአዶላና በቤንሻንጉል የደለል ወርቅ በገበቴ የሚያጥቡ ሰዎች የሚጠቀሙበት ይህንኑ ልዩነት ነው። በለገጣፎ ወይም በቡራዩ በኩል ካሉት ጅረቶች በአንዱ፣ ውሃው ከሚታጠፍበት ውስጠኛ ዳር ወይም ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ አንድ እፍኝ አሸዋ ወስደው በሰፊ ሳህን ያጥቡ፤ በመጨረሻ የሚቀርልዎ ጥቁር አሸዋ ነው። ማግኔቱን በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልለው ያስጠጉት፤ የሚያዘው ማግኔታይት ነው፤ ከረጢቱን ሲገለብጡት ያለችግር ይራገፋል። ማግኔታይቱ የመጣው ከባዛልቱ መሆኑን ቀደም ብለው ከያዙት ቁራጭ ጋር አነጻጽረው ማረጋገጥ ይችላሉ።

ጅረት ሲመርጡ ግን ከመንደርና ከፋብሪካ በላይ ያለውን ይምረጡ። በትንሹና በትልቁ አቃቂ የታችኛው ክፍል የሚገኘው ደለል ከከተማው የሚወጣ ቆሻሻ ስለሚቀላቀልበት የዓለቱን ታሪክ አይናገርም፤ ለምሳሌ ቆዳ ለማልፋት ክሮሚየም ስለሚሠራበት፣ በዚያ ደለል ውስጥ ክሮሚየም በዝቶ መገኘቱ የክሮማይት ዓለት መኖሩን አያሳይም። በዚያ ውሃ እጅን መንከር ራሱ ለጤና ጥሩ አይደለም፤ አትክልት የሚለማበት መሆኑም ማንንም ሊያሳስበው ይገባል።

የሚያነሷቸውን ናሙናዎች ጡጫ በሚያህል መጠን ብቻ ይውሰዱ። በአገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ለትምህርት ከሚሆን ቁራጭ አልፎ ማዕድን መፈለግም ሆነ ማውጣት ፈቃድ ይጠይቃል። በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ ቦታውን፣ ቀኑን በዓመተ ምሕረት፣ ከግድግዳው የተነሳበትን ከፍታና የስንጥቁን አቅጣጫ ይጻፉ። አቅጣጫውን በኮምፓስ ሲለኩ ኮምፓሱን ባዛልቱ ላይ አያስቀምጡት፤ ማግኔታይቱ መርፌውን ስለሚያሳስተው ከደረት ከፍታ ላይ ይዘው በዓይንዎ ያስተካክሉት፤ ያ የያዙት ማግኔትም በዚያን ሰዓት ከእርስዎ ርቆ ይቀመጥ።

ከጥቂት ቦታዎች በኋላ በደብተርዎ ላይ ሁለት ዓምድ ሠርተው የተሞሉትን ስንጥቆች አቅጣጫ በአንዱ፣ የባዶዎቹን በሌላው ይዘርዝሩ። የተሞሉት በአብዛኛው ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚሄዱ ከሆነ፣ ውሃው ባለፈበት ዘመን ክፍት የነበሩት ስምጥ ሸለቆውን የተከተሉት ስንጥቆች ነበሩ ማለት ነው፤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከሆኑ ደግሞ የእንጦጦን መስመር የተከተሉት ነበሩ። ሁለቱ ዓይነቶች የሚቋረጡበት ቦታ ለፈሳሽ ከሁሉ የሰፋ በር ስለሆነ፣ በጂኦሎጂ ካርታ ላይ መስመሮቹን አስረዝመው የሚገናኙበትን ነጥብ ያግኙ፤ ቀጣዩን ግድግዳ የሚፈልጉትም በዚያ አቅራቢያ ይሁን።